የውሃ ልክ የት ነው? ከመርከብ መጸዳጃ እስከ አቃቂ ምድር ቤት



የዛሬውን ርእስ አስቀድመው ያዩ ባልደረቦቼ «ባሕር በሌለው አገር ስለ መርከብ መጸዳጃ ምን ይባላል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም ሁለት ነው። የመጀመሪያው አጭር ነው። ከአቃቂ ተነሥቶ በቢሾፍቱ መንገድ የተጓዘ ሰው በባቦጋያ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን የመርከበኞች ማሠልጠኛ ያገኛል። ከዚያ የሚወጡ ወጣት መሐንዲሶች በዓለም ውቅያኖሶች በሚመላለሱ መርከቦች ላይ ያገለግላሉ፤ ከሞተሩ ጋር የመርከቡ ውሃና ፍሳሽ መስመርም በእነርሱ እጅ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሁለተኛው መልስ ግን የዛሬውን ንግግር በሙሉ የሚይዝ ነው፤ የመርከብ መጸዳጃ፣ በቤታችን ግድግዳና ወለል ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረውን አደጋ ገላልጦ ያሳያል።

ግንበኞቻችን «ውሃ ልክ» የሚሉት ቃል አላቸው። መሠረቱ ቀጥ ብሎ የሚያልቅበትን መስመር፣ የዚያንም መለኪያ ይጠሩበታል። እኔ ዛሬ ቃሉን ጥቂት ዘርጋ አድርጌ እጠቀምበታለሁ፤ አንድ ቧንቧ አፉ ክፍት ሆኖ ወደ ላይ ቢቆም ውሃው እስከየት ይወጣ ነበር? ያ ከፍታ የዚያ ቧንቧ የውሃ ልክ ይባል። በባሕር ላይ ይህ መስመር በዓይን ይታያል፤ በከተማ ግን አይታይም። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

አንዲት ትንሽ የሸራ ጀልባ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። መጸዳጃዋ በሆዷ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ብዙውን ጊዜ የሳህኑ አፍ ከውጭ ካለው የባሕር ገጽ ዝቅ ይላል። በጀልባዋ አካል ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ አንዱ ለማጠቢያ የባሕር ውሃ ያስገባል፣ ሌላው ፍሳሹን ያስወጣል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ቫልቭ ይገጠማል፤ ከቫልቩ እስከ ሳህኑ ጎማ ይዘረጋል፤ ተጠቃሚው በእጅ ፓምፕ ውሃ አስገብቶ ፍሳሹን ገፍቶ ያስወጣል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሰውየው ፓምፑን አቁሞ፣ ቫልቩን ሳይዘጋ ወደ መኝታው ሲሄድ ነው። ጎማው በውሃ እንደተሞላ ነው፤ የሳህኑ አፍ ከባሕሩ ገጽ በታች ነው፤ ውሃውም ማንም ሳይገፋው ወደ ውስጥ መፍሰሱን ይቀጥላል። ጎማው መሐል ላይ ከባሕሩ ገጽ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢታጠፍ እንኳ፣ በውሃ እስከተሞላ ድረስ ፍሰቱ አይቆምም። ይህ ሲፎን የሚባለው ነው።

ምን ያህል ይፈስሳል? ጎማው ከቫልቩ ላይ ቢወልቅ የሚሆነውን እናስላ። ከባሕሩ ገጽ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የተበሳ፣ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ፣ የጠርዙን መሰናክል ቀንሰን እንኳ ብናሰላው፣ በደቂቃ ከ130 ሊትር በላይ ያስገባል። ሁለት መቶ ሊትር የሚይዘው የእኛ በርሜል በደቂቃ ተኩል ይሞላል ማለት ነው። ትንሽ ጀልባ ለመስጠም ማዕበል አያስፈልጋትም።

መርከበኞች ለዚህ ያበጁት መፍትሔ በጣም ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ርካሽ ነው። ጎማው ከባሕሩ ገጽ በላይ ከፍ ብሎ እንዲታጠፍ ይደረጋል፤ በእጥፋቱ አናት ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቫልቭ ይገጠማል። ፓምፑ ሲቆም አየር ይገባል፣ የውሃው ክር ይበጠሳል፣ ሲፎኑም ይሞታል። የሸራ ጀልባ በነፋስ ስለምትጋደም፣ ከፍታው የሚለካው ቀጥ ብላ ስትቆም ሳይሆን በጎኗ ስትዘነብል ነው፤ ይህን የዘነጋ ገጣሚ ወደብ ላይ ደረቅ፣ ባሕር ላይ ግን የሚሞላ መጸዳጃ ይሠራል። ከዚህ ሌላ ጎማው በቫልቩ ላይ በአንድ ሳይሆን በሁለት የብረት ቀለበት ይጠበቃል፤ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ አጠገብም ሾጣጣ የእንጨት ውታፍ በገመድ ታስሮ ይንጠለጠላል። ሁሉም ነገር እንቢ ሲል በመዶሻ የሚመታ ውታፍ! ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ምሕንድስና አላውቅም።

ልብ በሉ፤ ቫልቭ የሰውን ጥንቃቄ ይጠይቃል፣ ከፍታ ግን አይጠይቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1945፣ ዩ-1206 የተባለው የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በስኮትላንድ ጠረፍ አጠገብ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ሳለ በመጸዳጃው በኩል የባሕር ውሃ ገባበት። መጸዳጃው በጥልቀት ላይ ሳሉ እንዲሠራ የተበጀ፣ ቫልቮቹ በቅደም ተከተል የሚከፈቱና የሚዘጉ አዲስ መሣሪያ ነበር። ያን ዕለት ማን ምን እንደነካ ትረካዎቹ ይለያያሉ። ውሃው ግን ወደ ባትሪዎቹ ወርዶ መርዛማው የክሎሪን ጋዝ ተነሣ፤ መርከቡ ወደ ላይ ለመውጣት ተገደደ፣ በአውሮፕላን ተመታ፣ በመጨረሻም ሠራተኞቹ ራሳቸው አሰጠሙት። በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ከውሃ ልክ በላይ የሚባል ቦታ የለም፤ ያለው ቫልቭና የሰው እጅ ብቻ ነው። እኛ በየብስ የምንኖር ሰዎች ከፍታን የመምረጥ ዕድል ተሰጥቶናል። ጥያቄው እንጠቀምበታለን ወይ የሚለው ነው።

እንግዲህ ወደ አቃቂ እንመለስ።

የአዲስ አበባ ሰሜን ጫፍ እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ በ2,100 ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ የከፍታ ልዩነት ምክንያት ክፍለ ከተማችን ሁለት ተቃራኒ ሸክሞችን ተሸክማለች። ከአቃቂ የጉድጓድ መስክ በጥልቁ የሚገኘው ውሃ በፓምፕ ወደ ከተማው ሽቅብ ይወጣል፤ በፍሳሽ መስመር የተያዘው የከተማዋ ቆሻሻ ደግሞ አብዛኛው በራሱ ክብደት ቁልቁል ወርዶ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል። ጣቢያው በቅርብ ዓመታት በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ታድሷል። መስመር ያልደረሰበት ሠፈር ፍሳሽ ግን በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ በመንገዱም የሰላጣና የጎመን ማሳ ያጠጣል። ንጹሑ ሽቅብ፣ ያደፈው ቁልቁል፣ ሁለቱም በአንድ ሠፈር ያልፋሉ። እዚህ የሚኖር ሰው ስለ ቧንቧ አቅጣጫ ግድ ሊለው ይገባል።

ቧንቧ ግን አቅጣጫ አያውቅም። «የመግቢያ መስመር» የምንለው እኛ ነን፤ ውሃው የሚያውቀው ግፊትን ብቻ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሠፈር ግፊቱ በየጊዜው ይወርዳል፤ ስለዚህ የማይታየው የውሃ ልክ አንድ ቀን ከጣሪያ በላይ፣ ሌላ ቀን ከመሬት በታች ነው። ውሃ በሚጠፋበት ሰዓት አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የቤት እመቤት የቧንቧውን ጎማ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነክራ፣ ቧንቧውን ክፍት ትታ «ሲመጣ ይሙላልኝ» ብላ ትወጣለች። ሁላችንም የምናውቀው ልማድ ነው፤ ማንም አይነቅፋትም፤ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነውና። ነገር ግን በታችኛው መንገድ መስመሩ ተሰብሮ ውሃው ሲራቆት፣ የሳፋው ውሃ በጎማው ሽቅብ ተስቦ ወደ ጎረቤቶቿ የመጠጥ ቧንቧ ይወርዳል። ሳፋው ባሕር ሆነ፤ ሕንጻው በሙሉ ከውሃ ልክ በታች ያለ ጀልባ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ «ከፍታችን አያድነንም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ወደ ላይ ሊደግፍ ይችላል፤ በአቃቂ ከፍታ ይህ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ሲፎናችን በአምስት እጅ አንዱን ኃይሉን አጥቷል ማለት ነው። ነገር ግን ከሳፋ እስከ ቧንቧ አፍ ያለው ከፍታ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስምንት ሜትር የሚዘል ሌባ አንድ ሜትር አጥር አያስቆመውም።

ይህ የወረቀት ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 ቺካጎ የዓለም ትርኢት ባስተናገደችበት ክረምትና በጋ፣ በሁለት ሆቴሎች ያረፉ እንግዶች በአሜባ ተቅማጥ ታመሙ፤ 98 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ያገኘው ያረጁ የውሃና የፍሳሽ ቧንቧዎች እርስ በርስ የሚገናኙባቸውን ቦታዎችና ወደ ኋላ የሚስቡ የመጸዳጃ ዕቃዎችን ነው። ሆቴሎቹ የድሃ ማደሪያ አልነበሩም። እኛም በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባን ሲያስጨንቅ የሰማነውን ምክር እናስታውሳለን፤ እጅ መታጠብ፣ ውሃ ማፍላት፣ አትክልት በጥንቃቄ ማጠብ። ሁሉም ትክክል ነበር። ስለ ጎማና ስለ ሳፋ የተናገረ ግን እኔ አልሰማሁም።

መድኃኒቱ ከመርከበኛው መድኃኒት ጋር አንድ ነው፤ አየር። የቧንቧው አፍ ከሚሞላው ዕቃ ጠርዝ በላይ፣ ቢያንስ የቧንቧውን ስፋት ሁለት እጥፍ፣ ከ25 ሚሊ ሜትርም ሳያንስ፣ ከፍ ብሎ ይቁም። ሁለት ጣት የማትሞላ አየር! ምንም የማይንቀሳቀስ፣ የማይዝግ፣ የማይሰረቅ መከላከያ ናት። ጎማው በሳፋው ውስጥ ከመነከር ይልቅ ጠርዙ ላይ ከፍ ብሎ ቢታሰር ይበቃል።

የሚያሳስበኝ ከሳፋው ይልቅ ፓምፑ ነው። ብዙ ግቢዎች ውስጥ ፓምፑ በቀጥታ ከከተማው መስመር ላይ ተገጥሞ ይስባል። ባለቤቱ የሚያየው ሮቶው መሙላቱን ነው። መስመሩ ውስጥ ግን ግፊቱ ከአየር ግፊት በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ያንጠባጥብ የነበረ ቧንቧ ሁሉ የሚመጥጥ ቧንቧ ይሆናል። ያ ቧንቧ በፍሳሽ በራሰ አፈር ውስጥ ካለፈ የሚመጥጠውን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ትክክለኛው አገጣጠም የታወቀ ነው፤ የከተማው ውሃ መጀመሪያ በራሱ ግፊት ወደ ታችኛው ማጠራቀሚያ በክፍት አየር ውስጥ ይውደቅ፣ ፓምፑም ከዚያ ማጠራቀሚያ ይሳብ። አንድ ተጨማሪ ሮቶ ይጠይቃል፤ ዋጋው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ጉዳዩ ለአንድ ግቢ ብቻ የማይተወው፤ የሚቆጥበው አንዱ ነው፣ የሚጠጣው ጎረቤቱ ነው።

አሁን ወደ ፍሳሹ ልሻገር፤ በቁልቁሉ ጫፍ ለምንኖር ሰዎች ከባዱ እርሱ ነው።

የፍሳሽ መስመር ከታች ሲደፈን ወይም የክረምት ጎርፍ ገብቶ ሲያጨናንቀው፣ ፍሳሹ ወደ ኋላ ይቆምና መውጫ እስኪያገኝ ከፍ ይላል። የሚወጣውም ዝቅተኛ በሆነው ቀዳዳ ነው። ስለዚህ አንድ ቤት ከመሠራቱ በፊት ሊለካ የሚገባው ነገር አለ፤ ከቤቱ በላይ በኩል ያለው ቅርብ ማንሆል ክዳኑ በምን ከፍታ ላይ ነው? የቤቱ የወለል ማፍሰሻ ከዚያ ክዳን ከፍ ካለ፣ መስመሩ ሲደፈን ፍሳሹ መንገድ ላይ ይወጣል። ዝቅ ካለ ግን ሳሎን ውስጥ ይወጣል። የማንሆሉ ክዳን የእኛ የባሕር ገጽ ነው። መንገድ በታደሰ ቁጥር አስፋልቱ ከፍ እያለ፣ ማንሆሉም አብሮ ከፍ እየተደረገ፣ ቤቶቹ ግን ባሉበት ሲቀሩ፣ ባሕሩ ከፍ አለ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ደረቅ የነበረ ቤት ባለቤቱ ምንም ሳያጠፋ ከውሃ ልክ በታች ይወርዳል።

ባለፈው ክረምት ከዚህ ብዙም በማይርቅ ሠፈር አንድ ምድር ቤት ገብቼ ነበር። የቤቱ ባለቤት እማማ በወለል ማፍሰሻው ላይ በፌስታልና በጨርቅ የተጠቀለለ የወፍጮ መጅ ጭነውበታል። «ይህ ምንድን ነው እማማ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም መጁን እጭናለሁ፤ አለበለዚያ የሠፈሩ ጉድ እኔ ቤት ይወጣል» አሉኝ። ወደ ቢሮዬ ተመልሼ አሰላሁት። ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ፍሳሽ፣ ስፋቱ አሥር ሳንቲ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የአራት ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነው። መጁ ከዚያ ይከብዳል። ስሌታቸው ትክክል ነበር። የቀረው የመጸዳጃው ሳህን ነው፤ አፉ ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ ፍሳሹ ግማሽ ሜትር ከደረሰ በዚያ በኩል ይገነፍላል፤ በእርሱ ላይ ደግሞ መጅ አይጫንም።

የእማማን መጅ የሚተካው ፍሳሽን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ገጣሚዎች የሚስቱት ነገር አለ። ቫልቩ የሕንጻው ፍሳሽ በሙሉ በሚያልፍበት ዋና መስመር ላይ ከተገጠመ፣ በተዘጋ ጊዜ የላይኞቹ ፎቆች ፍሳሽ መውጫ ያጣል፤ ያጣውም ፍሳሽ በምድር ቤቱ ሳህን ይወጣል። የመንገዱን ፍሳሽ ከልክለን የጎረቤትን አስገባን። ስለዚህ የላይኞቹ ፎቆች በራሳቸው መስመር በቀጥታ ወደ ማንሆሉ ይውረዱ፤ ቫልቩ በምድር ቤቱ መስመር ላይ ብቻ ይገጠም፤ የሚከፈት ክዳን ኑሮት ከክረምት በፊት ይጽዳ። በመሬት ውስጥ ተቀብሮ በሲሚንቶ የተደፈነ ቫልቭ አንድ የጨርቅ ቁራጭ እስኪይዘው ድረስ ብቻ ነው ቫልቭ የሚባለው።

ስለ ሽታው አልተናገርኩም፤ ጥቂት ልበል። ከእጅ መታጠቢያ ሥር ያለውን ጎባጣ ቧንቧ ሠራተኞቻችን «ሲፎን» ይሉታል፤ ከጣልያንኛ የወረስነው አጠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1775 አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የለንደን ሰዓት ሠሪ በመጸዳጃ ላይ አስገብቶ የፈጠራ መብት ያገኘበት ጉብጠት ነው። ሥራው ጥቂት ውሃ ይዞ ቀርቶ የፍሳሹን አየር ማገድ ነው፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ውሃ በእኛና በመላው ከተማ ፍሳሽ መካከል ይቆማል። ይህን ውሃ ሁለት ነገር ያጠፋዋል። አንደኛው እውነተኛው ሲፎን ነው፤ ከላይ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ቧንቧው ባዶነት ፈጥሮ የታችኛውን ጉብጠት ይመጥጠዋል። እስከ ጣሪያ የሚወጣው የአየር ማስተንፈሻ ቧንቧ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከጀልባዋ ጎማ አናት ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ታላቅ ወንድም ነው። ሁለተኛው ድርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሆንግ ኮንግ አሞይ ጋርደንስ በተባሉ የመኖሪያ ሕንጻዎች ከ300 በላይ ነዋሪዎች በሳርስ ተያዙ፤ 42ቱ ሞቱ። መርማሪዎቹ በሰጡት ማብራሪያ አንዱ መተላለፊያ በመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያሉት የደረቁ ጉብጠቶች ነበሩ፤ የመታጠቢያ ቤቱ አየር መሳቢያ ከፍሳሹ መስመር ጠብታዎችን ወደ ቤት ሳበ።

በእኛ ኮንዶሚኒየሞች ተከራይ እስኪገኝ ተዘግተው የሚከርሙ፣ ውሃ በመጥፋቱ ወለላቸው የማይታጠብ ብዙ ቤቶች አሉ። በበጋ ወራት ጉብጠቱ ይደርቃል። አንድ ሊትር ውሃ ማፍሰስ ይበቃል፤ ቤቱ ለወራት የሚዘጋ ከሆነ በላዩ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግ ትነቱን ያዘገየዋል።

ተማሪዎች ሆይ፤ ከመድረኩ በስተግራ ሁለት ባልዲና አንድ ግልጽ ጎማ አስቀምጫለሁ። ጎማው በአናቱ ላይ በጣት የሚደፈን ቀዳዳ አለው። ጣታችሁን ስታነሡ ውሃው ወዲያው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለቱም ወገን ይወርዳል። ከመሄዳችሁ በፊት በእጃችሁ ሞክሩት፤ ውሃውን በቀለም አቅልሜዋለሁና ልብሳችሁን ጠብቁ። ለመስክ ልምምድ የምትወጡት ደግሞ መለኪያ ይዛችሁ የምትገቡበትን ቤት የወለል ማፍሰሻና ከበላዩ ያለውን የማንሆል ክዳን ከፍታ መዝግባችሁ አምጡልኝ። ቁጥሮቹን በአንድ ካርታ ላይ እናስቀምጣቸዋለን፤ ካርታውም ከክረምት በፊት ለነዋሪዎቹ ይደርሳል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።